ካኖን ኢኦኤስ አር6 ማርክ 2 በጠባብ ስቱዲዮ፦ ከ10 ወር ሥራ በኋላ

ካሜራው ላለፉት 10 ወራት የሠራው ከአያት አለፍ ብሎ ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ 4 በ6 ሜትር በሆነች የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራው የሰፈር ስቱዲዮ ሥራ ነው፦ በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ፣ ቅዳሜና እሁድ ክርስትናና ልደት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ተመራቂ ከነገዋኑ። ስለዚህ በሰከንድ 40 ፍሬም ማንሳቱን እዚህ አናነሳውም። ያ ፍጥነት የሚገኘው በኤሌክትሮኒክ ሹተር (የሚንቀሳቀስ መጋረጃ በሌለው) ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ደግሞ ፍላሽ አይበራም።

ሜጋፒክስሉ 24.2፣ ማለትም 6000 በ4000 ነጥብ ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታተማል። 60 በ90 ሲደረግ ወደ 169 ዲፒአይ ይወርዳል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለን ፎቶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ይበቃል። ለጉርድማ ትርፍ ነው።

አዲስ ገዢን የሚያስደነግጠው የስክሪኑ ጨለማ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር 1/160 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ሲደረግ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ካሜራው የሚያሳየው በክፍሉ መብራት ብቻ የሚወጣውን ፎቶ ነውና። የካኖን የራሱ ፍላሽ ሲሰካበት ያውቅና ስክሪኑን ያበራል፤ ርካሽ ባለ አንድ ነጥብ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስበራው መሣሪያ) ሲሆን ግን አያውቅም። ሜኑ ውስጥ ገብቶ የኤክስፖዠር ሲሙሌሽኑን ማጥፋት ነው። ይህን ባለማወቅ ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ የሚመለስ አይጠፋም።

በሜካኒካል ሹተር ከፍላሽ ጋር የሚሄደው ፍጥነት እስከ 1/200 ሰከንድ ነው። ርካሽ ትሪገር ምልክቱን ትንሽ ስለሚያዘገይ በዚያ የመጨረሻ ፍጥነት ላይ የፍሬሙ አንድ ጠርዝ ሊጠቁር ይችላል፤ 1/160 ላይ ሲወርድ ይጠፋል። የሚቀር ነገርም የለም፤ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያስቆመው የፍላሹ ብልጭታ እንጂ ሹተሩ አይደለም።

የተከፈለበትን ገንዘብ የሚያስረሳው ዓይንን ራሱ ፈልጎ የሚይዘው ፎከሱ ነው። ክርስትና የመጣ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ውስጥ እየተንፈራገጠም ዓይኑን አይለቅም። የሚሳሳተው ወፍራም ፍሬም ያለው መነጽር ላይ ነው፤ አንዳንዴ ፍሬሙን ይይዛል። የፍላሹ ሞዴሊንግ መብራት (ሳይቋረጥ የሚበራው አምፖል) ጠፍቶ ክፍሉ ሲጨልምም ይዳከማል፤ መብራቱ እንደበራ ይቆይ።

ካሜራ ከመምረጥ በፊት ግን ክፍሉን በሜትር መለካት ይቀድማል። ቆሞ የሚነሳ ሰው ከላይና ከታች ትንሽ ቦታ ተትቶለት 2.1 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ካሜራው በቁመቱ ሲያዝ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለዚህ 5 ሜትር ይርቃል፤ 50 ሚሊ ሜትሩ 3 ሜትር ይበቃዋል። ጥላው ጨርቁ ላይ እንዳይወድቅ ተነሺው ከባክግራውንዱ 1.5 ሜትር ይራቅ፤ ለአንሺውም ግማሽ ሜትር ይጨመር። 85ቱ 7 ሜትር ጠየቀ፤ ክፍሏ ደግሞ 6 ናት። እዚህ 85ቱ ለጉርድና ለግማሽ አካል፣ 50ው ለሙሉ ቁመት ነው። 35 ሚሊ ሜትር ይዞ መጠጋት መልክ ያበላሻል። የቀድሞዎቹ የኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር ከነአውቶ ፎከሳቸው ስለሚሠሩ፣ ኢኤፍ 85 ኤፍ 1.8 ያለው ሰው አዲስ ለመግዛት አይቸኩል።

ካሜራውንም አንሺውንም የሚፈትነው ነጠላ ነው። ጠይም ፊት ልክ ሲመጣ ትከሻ ላይ ያለው ነጭ ይቃጠልና የሸማው ድርና ማግ ይጠፋል። የሃይላይት (በጣም የደመቀው ክፍል) ማስጠንቀቂያው ይብራና ነጩ ብልጭ ድርግም ሲል ይታይ። ያኔ የፍላሹን ኃይል ለመቀነስ አይቸኮል፤ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ሶፍትቦክሱ (ብርሃኑን የሚያለሰልሰው የፍላሹ ሳጥን) ከፍ ብሎ ይነሳ፣ ትንሽም ወደ ላይ ይቀና፤ የብርሃኑ መሐል ፊት ላይ፣ ጠርዙ ትከሻ ላይ ያርፋል። ካልበቃው በመብራቱና በትከሻው መካከል ጥቁር ጨርቅ ይያዝ። የቀረውን ሮው ፋይሉ (ጥሬው ፎቶ) ይሸከመዋል፦ አይኤስኦ 100 ላይ ፊቱን በአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን እጥፍ አድርጎ) ማንሳት ኖይዝ (የምስል ነጠብጣብ) አያመጣም። በጄፔግ ግን የተቃጠለ ነጭ አይመለስም።

ግድግዳውም አለ። የኪራይ ክፍል ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የተቀባ ነው፤ የፍላሹ ብርሃን ከዚያ ነጥሮ ነጠላው ላይ ያርፋል። ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) 5500 ኬልቪን ላይ ይቆለፍ፣ ግድግዳው ወይ ነጭ ይቀባ ወይ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን። በካሜራ ቀለም ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ አብዛኛው የግድግዳ ነው።

አቧራው ከኅዳር በኋላ ይብሳል፤ መንገዱ ያልተነጠፈ፣ ዙሪያው ግንባታ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራው ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 ላይ ስለሆነ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ የተቀመጠች ቅንጣት ነጭ ባክግራውንድ ላይ ነጥብ ሆና ትወጣለች። ሲጠፋ ሹተሩ እንዲዘጋ የሚያደርገው ምርጫ ይብራ፣ ሌንስ የሚቀየረው ካሜራው ጠፍቶ አፉ ወደ መሬት ተደፍቶ ይሁን። ወለሉ በደረቁ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ሴንሰር በአፍ አይነፋም፤ ምራቅ ከአቧራ ይከፋል።

መብራት ሲጠፋ ካሜራው በባትሪው ይቀጥላል፤ የሚጎዳው ፍላሹ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ወዲያው ከሶኬት ይነቀል። የካሜራው ኤልፒ ኢ6 ኤንኤች ባትሪ በዩኤስቢ-ሲ ገመድም ይሞላል፤ ቻርጀሩ ግን ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚባለው መሆን አለበት፣ ተራ የስልክ ቻርጀር አይሠራለትም። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ትንሹ፣ ማይክሮ የሚባለው መሆኑ ያሳዝናል፤ ሞኒተር የሚያገናኝ ሰው ገመዱን ትራይፖዱ እግር ላይ ይሰር።

ሰርግ የማይወጣና ስቱዲዮ ብቻ የሚሠራ ሰው የካኖኑን አር8 ካሜራ ይይ። የምስል ጥራቱ ያው ነው፤ በዋናነት የሚጎድለው ሁለተኛው የሜሞሪ ቀዳዳ፣ ትልቁ ባትሪና የሴንሰሩ ማረጋጊያ (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው) ነው። ማረጋጊያው በፍላሽ ሥራ ምንም አይደለም፤ ባትሪም ተጨማሪ ይገዛል። የሁለተኛ ሜሞሪ አለመኖር ግን ተመራቂ ቤተሰቡን ይዞ በመጣበት ቀን ይታሰብበት፤ እዚህ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ እኩል ይጻፋል። በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ፍላሽ ይገዛ፦ የጉርዱ ባክግራውንድ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ከፊቱ አንድ ስቶፕ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል፤ ያን የሚሰጥ ካሜራ የለም።