ቦርደርላይን (ስሜት በኃይል የሚለዋወጥበት የአእምሮ ህመም) ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ፦ ስለ ፋሚሊ ኮኔክሽንስ ኮርስ የኔ ሪቪው

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ኮርሱ ለታማሚዋ አይደለም፣ ለእኛ ነው። እህቴን ያድንልኛል ብላችሁ ከገባችሁ ትናደዳላችሁ። እሷ ክፍሉ ውስጥ የለችም፣ የሚማረው እናት፣ ወንድም፣ ባል፣ እንደኔ ደግሞ እህት ነው።

እህቴ የቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደርም ድብርትም አለባት። ድብርቱ መድኃኒት አለው፣ ቦርደርላይኑ ግን አሜሪካ ውስጥ ለሱ ተብሎ በመድኃኒት ተቆጣጣሪው በኤፍዲኤ የጸደቀ መድኃኒት የለም፣ ዋናው ህክምና ቴራፒ ነው። በጣም የታወቀው ዲቢቲ የሚባለው ነው (ከባድ ስሜትን መቆጣጠር የሚያስተምር የንግግር ህክምና)፣ ማርሻ ሊነሃን የምትባል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስት የሰራችው፣ እሷ ራሷ በ2011 በወጣትነቷ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር በአደባባይ ተናግራለች። ይሄን ስሰማ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፣ የሚያስተምሩን ሰዎች ህመሙን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚያውቁት ማለት ነው። ፋሚሊ ኮኔክሽንስም ከዚሁ ከዲቢቲ የተቀዳ ነው፣ የሚመሩት ሰልጥነው የመጡ የታማሚ ቤተሰቦች ናቸው፣ 12 ሳምንት ነው፣ በነጻ ነው። እኔ በዙም ነው የወሰድኩት፣ ከስራ መጥቼ እራቴን እየበላሁ፣ ካሜራ አጥፉ ሲባል ደስታዬ ነበር ሃሃ። በፊት የሄድንበት አንድ ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ሲጨርስ "ታገሷት" ብሎ ነበር የሸኘን፣ እንዴት እንደምንታገሳት ግን የነገረን ሰው የለም።

የኮርሱ ትልቁ ነገር ቫሊዴሽን የሚሉት ነው፣ የሰውየውን ስሜት ሳያጣጥሉ መቀበል ማለት ነው። እህቴ ማታ "ሁላችሁም ትጠሉኛላችሁ" ብላ ቴክስት ትልካለች። እኛ ቤት የተለመደው መልስ ይታወቃል፣ "ኧረ በስማም፣ ማን ይጠላሻል፣ እንዲህ አይባልም፣ ተነሺና ጸልዪ"። በፍቅር ነው የሚባለው ግን እሷ የምትሰማው የሚሰማሽ ነገር ውሸት ነው የሚለውን ነው፣ ከዛ ነገሩ ይጋጋማል። አሁን "ዛሬ ሙሉ ቀን ስላልደወልኩ ብቻሽን የተውኩሽ መሰለሽ አይደል?" እላታለሁ። ሁሌ አይሰራም፣ አንዳንዴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ሲሰራ ግን ለውጡን ታዩታላችሁ፣ ታለቅሳለች ከዛ ታወራለች። መስማማት ማለት ደግሞ አይደለም፣ "እማዬ ሆን ብላ ነው ያዋረደችኝ" ስትል አዎ ሆን ብላ ነው አልልም፣ በጣም እንደከፋት ግን አይቻለሁ እላለሁ፣ እሱ ውሸት አይደለማ።

ሁለተኛው ድንበር ማበጀት ነው፣ ይሄ ለኛ ሰው ይከብዳል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አደጋ ካልሆነ ስልክ አላነሳም ብዬ ቀድሜ ነገርኳት፣ ሰላም በሆነችበት ቀን ማለት ነው፣ በጭቅጭቅ መሃል አይደለም። አክስቴ ይሄን ሰምታ "ፈረንጅ ሆንሽ" አለችኝ፣ ትበል፣ እኔም ጠዋት ስራ አለኝ።

አደጋ ስላልኩ አንድ ነገር፣ ይሄ ከኮርሱ ውጪም ቢሆን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሀሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፣ እንደውም ብዙዎቹን ያቀላቸዋል። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፣ ራስን የማጥፋት ሀሳብ ላለበት ሰው የእርዳታ መስመር ነው፣ ከ2022 ጀምሮ በአጭር ቁጥር ይሰራል፣ ቤተሰብም ደውሎ ምን ላድርግ ማለት ይችላል፣ የግድ ታማሚው አይደለም። እና እባካችሁ ጠበል መሄዱን ማንም አልከለከለም፣ እኛም እንወስዳታለን፣ ግን ጠበል ገባች ተብሎ የድብርት መድኃኒቷ ሀኪም ሳያውቅ በአንዴ አይቋረጥም፣ ሲቋረጥ ማዞሩ ማቅለሽለሹ መነጫነጩ ይመጣል፣ ከዛ ጋኔን ነው ይባላል።

የማይመቸው ነገር? ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል ስለዚህ ቤቱ እስኪናጋ ሳትጠብቁ ተመዝገቡ። የቤት ስራ አለው፣ ያንን ካልሰራችሁ ዝም ብሎ ሌክቸር ነው የሚሆንባችሁ። ድብርት ብቻ ላለበት ሰው ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ ናሚ የሚባለው የአሜሪካ የአእምሮ ህመም ድርጅት የሚሰጠው ፋሚሊ ቱ ፋሚሊ የሚባል ኮርስ ይሻላችኋል፣ እሱም ነጻ ነው፣ 8 ክፍለ ጊዜ ነው፣ ሰፋ አድርጎ ብዙ ህመም ይነካል።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት እኔ የወሰድኩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። ምሳሌው ሁሉ ባልና ሚስት ወይ እናትና ልጅ ለብቻቸው ናቸው፣ እኛ ጋ ግን አጎትም ጎረቤትም የንስሐ አባትም አስተያየት አለው፣ እናቴም እንግሊዝኛው ስለከበዳት የተማርኩትን ቡና ላይ እየተረጎምኩ ነው የምነግራት፣ ምክር አትስጪ የሚለው ጋ ስንደርስ እስካሁን እንጣላለን። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግና ዲሲ ስንት ሀበሻ ነርስና ሶሻል ወርከር አለ፣ ኮርሱን የወሰደ ሰው ደግሞ ሰልጥኖ መምራት ይችላል። በአማርኛ ለመጀመር የሚፈልግ ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ እኔ ወስጃለሁ፣ አብሮኝ የሚመራ አንድ ሰው ነው የጎደለኝ።