"ሙሉ አካውንት" እያሉ የሚሸጡላችሁን ጌም አትግዙ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። የሆነው ትናንት ማታ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት ስቲም የሚባል መደብር አለ፤ እነሱ ጌሙ ያለበትን የስቲም አካውንት በርካሽ ይሸጣሉ። የረኩ ደንበኞች ስክሪንሾት ይደረድራሉ። "ወንድሜ"፣ "ቤተሰብ" ይሏችኋል። ገንዘቡን ስትልኩ ስምና ፓስወርድ ይመጣል፤ ከዚያ "ኦፍላይን አድርገህ ተጫወት" የሚለው መመሪያ ይከተላል፤ ከኢንተርኔት ሳትገናኙ ማለት ነው። ሥርዓቱ ይኸው ነው። እኔም አውቀው ነበር። አውቄው ነው የገባሁበት፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጌሙ ኤክስፒዲሽንስ ሮም ነው። በፈረንጆቹ ጥር 2022 የወጣው፣ ተራ በተራ የሚዋጉበት የሮማውያን ዘመን ጨዋታ። ሎጂክ አርቲስትስ የሚባለው የኮፐንሀገን ስቱዲዮ ከዚያ በፊት በዚሁ የኤክስፒዲሽንስ ተከታታይ በ2013 ኮንኪስታዶርን፣ በ2017 ደግሞ ቫይኪንግን ሠርቷል። ቫይኪንግን በጣም ስለወደድኩት ይሄኛውን ሳልጫወት ማለፍ አልፈለግኩም። ግን ፈራሁ። የተጫዋቾች አስተያየት ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን ውጊያውን አመስግኖ አይጠግብም። ሌላው ደግሞ የሌጌዎኑ (የሮማ ክፍለ ጦር) ጦርነት አሰልቺ ነው፣ አገር የማስገበሩ ነገር ይደጋገማል ይላል። ባልወደውስ ብዬ ሙሉውን ዋጋ መክፈል ከበደኝ። ርካሹን ፍለጋ የሄድኩት ለዚህ ነው።

አሁን ተጫውቼዋለሁና የራሴን ልናገር። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ሌጌዎኑን ስታዘምቱ መሪ ትመርጣላችሁ፣ የስልት ካርድ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ማየት ነው። ሦስት አራት ጊዜ ሲሆን ይሰለቻል። የጥቂት ሰዎች ውጊያው ግን ሌላ ነገር ነው! ሜዳው ባለስድስት ማዕዘን በሆኑ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። የያዛችሁት መሣሪያ ነው የምትችሉትን የሚወስነው፤ ጎራዴ ስትቀይሩ የውጊያ ስልታችሁም ይቀየራል። ጋሻ የያዘውን ከፊት ታቆማላችሁ፣ ቀስተኛውን ከፍታ ላይ ታወጣላችሁ፣ እሳት ለኩሳችሁ መንገድ ትዘጋላችሁ። አንድ እርምጃ ከተሳሳታችሁ ሰው ይወድቃል። የቆሰለውን ደግሞ ወደ ጦር ሰፈሩ ወስዶ ማሳከም አለ። ግላዲያተሩ ቤስቲያ አንዴ ክፉኛ ቆስሎብኝ ሁለት ቀን ሙሉ አስጨንቆኛል። ሲኔሮስ የሚባለው የተማረ ባሪያ የሚናገረውን ደግሞ አንድም ቃል ሳልዘል ነው ያነበብኩት።

ታሪኩም ያዘኝ። አባታችሁ ሮም ውስጥ ይገደላል፤ እናንተ ሸሽታችሁ ከሮማዊው ጄኔራል ከሉኩሉስ ጦር ጋር ወደ ግሪኳ ደሴት ሌስቦስ ትሄዳላችሁ፣ ሚቲሊኒ የምትባለው ከተማ ላይ ትዋጋላችሁ። እውነተኛው ወጣት ቄሳር የኦክ ቅጠሉን የጀግንነት አክሊል ያገኘበት ከበባ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ81 ገደማ። ከዚያ ሰሜን አፍሪካና ግብፅ፣ በመጨረሻም ጎል፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ። እኔ ግብፅ ላይ ነው የቀረሁት። የአባቴን ደም ሳልመልስ።

የማጭበርበሩ ምልክቶች ቀድመው ታይተው ነበር። በገዛሁ ዕለት "ኢሜይሉን ወደ ራሴ ልቀይረው?" ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። "አትንካው ወንድሜ፣ ከነካኸው ዋስትናው ይቋረጣል" አለኝ። ዋስትናው ዕድሜ ልክ ነው ብሎኝ ነበር። ኢሜይሉ የሌላ ሰው የሆነ አካውንት የሌላ ሰው ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔ ግን "እሺ" ብዬ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ስቲም የተጫወትኩበትን ሰዓት 12 ብሎ አሳየኝ። ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው 19 ይላል። ሰባት ሰዓት ሙሉ፣ እኔ ተኝቼ፣ ሌላ ሰው በዚያው አካውንት ሲጫወት አድሯል። ቁጥሩን ትክ ብዬ አየሁት። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። አንዱን አካውንት ለስንት ሰው ሸጦታል! ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። ኦፍላይን አድርጌ ቀጠልኩ።

ትናንት ማታ ከአንድ ከባድ ውጊያ በፊት ሴቭ አድርጌ ተነሳሁ። ስመለስ ኮምፒውተሩ ራሱን አዘምኖ ጠፍቶ በርቷል። ስቲም ፓስወርድ ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ስህተት ነው አለ። ማስታወሻዬን አውጥቼ ፊደል በፊደል እያየሁ ጻፍኩ። አሁንም ስህተት። ያኔ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ዱብ አለ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። "ሰላም ወንድሜ፣ ፓስወርዱ እምቢ አለኝ፣ እባክህ ተመልከትልኝ።" መልእክቱን አነበበው፤ ምልክቱ ይታያል። መልስ የለም። "እየጻፈ ነው" ይላል፣ ይጠፋል። እንደገና ይላል፣ ይጠፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ስልኬን ይዤ አፈጠጥኩ። በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ መጣች።

"ስንት ሰዓት ተጫወትክ?"

ሊረዳኝ መሰለኝ። የትኛው ደንበኛ እንደሆንኩ ሊያጣራ ነው ብዬ በትህትና መለስኩለት፤ "ከ50 ሰዓት በላይ።"

"ታዲያ የገንዘብህን ያህል ተጫውተሃል። ምን ቀረህ?"

እጄ እየተንቀጠቀጠ "የዕድሜ ልክ ዋስትና" ያለበትን የራሱን መልእክት ስክሪንሾት አድርጌ ላክሁለት። መልሱን እንዳለ ልጻፈው፤ "ዕድሜ ልክ ያልኩህ የአካውንቱን ዕድሜ ነው። አልቋል።"

"ቢያንስ ግማሹን መልስልኝ" አልኩት። "ሮምን የአባትህ ርስት አደረግካት እንዴ?" አለኝ። የሚስቁ ፊቶች ደርድሮበታል። ሌላ ነገር ስጽፍ መልእክቱ አልሄደም። ፎቶው ጠፋ። ብሎክ አድርጎኛል።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። ንቀቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ከመግዛቴ በፊት በደቂቃ ውስጥ ነበር የሚመልስልኝ። "ቤተሰብ ነን" ያለኝ ይኸው ሰው ነው። "እባክህ" እያልኩ የለመንኩት መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ለስቲም አቤት ልበል ብዬ አሰብኩ። ምን ብዬ? አካውንት መሸጥም መግዛትም በደንባቸው የተከለከለ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት መሆኔን አሳይ ቢሉኝ የማሳየው የለኝም። እነሱ ጥፋት የለባቸውም፤ በሩን በራሴ እጅ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የቆጨኝን ልንገራችሁ። ከስቲም በቀጥታ ብገዛው ኖሮ፣ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቼ ካልወደድኩት ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት እችል ነበር። ባልወደውስ ብዬ የፈራሁት ፍርሃት መልሱ እዚያው ነበር። ቅናሽ የሚደረግበትን ወቅት ብጠብቅ ደግሞ ልዩነቱ ይህን ያህል አይሆንም ነበር። የከፈልኩት ገንዘብ ጌሙን ለሠሩት ሰዎችም አንድ ሳንቲም አልደረሰም። ስቱዲዮው ከዚህ ጌም በኋላ ጌም መሥራቱን ትቷል፤ ይህን ሳስብ የበለጠ ያመኛል።

እንግዲህ ለምትገዙ፦ በራሳችሁ ኢሜይል በተከፈተ አካውንት ካልሆነ አትግዙ። "ኢሜይሉን አትንካ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ንግግሩን እዚያው ዝጉት። ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ሻጩ መልእክቶቹን ሳያጠፋቸው ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጓቸው።

የሴቩ ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት ፎልደሩን ከፍቼ አየሁት፤ ትናንት ማታ የተነሳሁበት ሰዓት ተጽፎበታል። አላጠፋሁትም። ጌሙን በራሴ አካውንት ስገዛው እዚያው ቦታ ላይ ልሞክረው ነው።