በክረምት ለዱባይ «ሙሉ ፓኬጅ» ልትከፍሉ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቆዩ

ከዱባይ የገባነው ትናንት ሌሊት ነው። ሻንጣው ገና አልተከፈተም። ዛሬ ጠዋት ወኪሉ ቢሮ ሄጄ፣ ተዋርጄ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፈው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ሁለት ቀን ካደረ «ይሁን፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቀዋለሁ። እነሱም የሚተማመኑት በዚሁ ነው።

እንደዚህ ያሉትን ወኪሎች ታውቋቸዋላችሁ። ቦሌ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የቡርጅ ኸሊፋ ፎቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ አውሮፕላን። ቴሌግራም ላይ «ቪዛ፣ ቲኬት፣ ሆቴል ከቁርስ ጋር፣ ጉብኝት፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ» እያሉ ይለጥፋሉ። ስትደውሉ «ቢሮ ብቅ በሉና እናውራ» ይሏችኋል። ዋጋው ሁልጊዜ የዛሬ ብቻ ነው። ነገ ዶላር ይጨምራል፣ ነገ ቲኬት ያልቃል። ይህን ሁሉ እኔም ከሰው ሰምቼ አውቀው ነበር። እያወቅኩ ነው የገባሁበት።

ሚያዝያ ላይ እቁብ ደረሰኝ። ሁለት ዓመት የጣልኩት ገንዘብ ነው። ባለቤቴ የቤታችን ጣሪያ ይቀየርበት ብሎ ነበር። ልጆቹን አንድ ጊዜ እንኳ ከሀገር እናውጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ላይ ስለሆነ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ መንቀሳቀስ የሚችለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዱባይ ደግሞ ቅርብ ነው፣ በረራው አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ለሁለት ትልልቅ ሰው 125,000፣ 125,000 ብር፣ ለሁለቱ ልጆች 100,000፣ 100,000 ብር፣ በድምሩ 450,000 ብር ከፈልን። ከእቁቡ የጎደለውን ባለቤቴ ከቁጠባው ሞላ።

የሄድነው በልጄ ምክንያት ነው ብል ይቀላል። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው። ሚራክል ጋርደን በሚባለው የዱባይ የአበባ ስፍራ ውስጥ፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው በአበባ የተሸፈነ ኤርባስ 380 የሚያህል አውሮፕላን አለ። እሱን በቪዲዮ ካየች በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ደብተሯ ላይ ሳለችው። ለትንሹ ወንድሟ አበባው እንዴት ውሃ እንደሚጠጣ ታስረዳው ነበር። ልንከፍል የሄድን ቀንም አብራን ነበረች።

ቢሮ ውስጥ ያለችው ልጅ አንደበቷ ማር ነው። «እታለም» ነው የምትለኝ። «ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ለሕፃን አይከብድም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እታለም፣ እዚያ እኮ ሁሉም ቦታ ኤሲ ነው፣ ሙቀት የሚባል አያገኛችሁም» አለችኝ። ልጄ በአፍረት «የአበባው አውሮፕላንስ?» ስትል፣ «አለ የኔ ቆንጆ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው» ብላ የታተመውን ፕሮግራም አወጣች። ሚራክል ጋርደን የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አከበበችላት። ከሥሩ ደግሞ ግሎባል ቪሌጅ የሚባለው የመዝናኛና የገበያ ስፍራ አለ። ልጄ ያን ወረቀት እስከ ጉዞው ቀን ትራሷ ሥር ነበር የምታስቀምጠው።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ሆቴሉ ደይራ የሚባለው የዱባይ ሰፈር ውስጥ ነው፣ ንጹህ ነው፣ በሱ ቅሬታ የለኝም። «ሁሉም ተከፍሏል» ተብለን ሄደን፣ ለክፍሉ በየሌሊቱ የሚከፈል «የቱሪዝም ድርሃም» የሚባል ክፍያ አለ ተብለን እዚያው ከፈልን። የመጀመሪያው ቀን የከተማ ጉብኝት የተያዘልን ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ነበር። እዚያ ሀገር በበጋቸው፣ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ድረስ፣ በእነዚሁ ሰዓታት የቀን ሠራተኛ እንኳ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ በሕግ ተከልክሏል። ለጎልማሳ ሠራተኛ የተከለከለውን ሰዓት ነው ለሁለት ልጆች የሰጡን። ትንሹ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ያን ዕለት ነሰረው።

ሦስተኛው ቀን መጣ። ሾፌሩ በ10 ሰዓት ይመጣል ተብሎ ነበር፣ ቀረ። በጽሑፍ ስንጠይቅ «በታክሲ ሂዱ፣ ስትመለሱ እናስባለን» አሉን። ልጄ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ሎቢ ውስጥ ቆማለች። ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ሸምገል ያለ ፓኪስታናዊ ነው። የምንሄድበትን ስነግረው ወደ ኋላ ዞሮ አየን። «ዝግ ነው» አለ። «በበጋ ዝግ ነው። ግሎባል ቪሌጅም ዝግ ነው። ኦክቶበር ላይ ነው የሚከፈተው። ልጆች ይዛችሁ ሞል ልውሰዳችሁ።»

እኔ ሊያታልለን ነው አልኩ። ኮሚሽን ወደሚያገኝበት ሱቅ ሊወስደን ነው ብዬ አሰብኩ። ያን በቀይ የተከበበ ወረቀት አውጥቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። «ከፍለንበታል፣ ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት። ልጄ ክንዴን ነካ አድርጋ «ማሚ፣ እውነቱን ቢሆንስ?» አለች። «ዝም በይ፣ አንቺ አታውቂም» አልኳት። በኪሴ ስልክ አለ። ኢንተርኔትም አለ። አንድ ደቂቃ ፈልጌ ማየት እችል ነበር። የማላውቀውን ሐቀኛ ሰው ሌባ አድርጌ፣ የዘረፈኝን ወረቀት አመንኩ። ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ከ60 ድርሃም በላይ ከፍለን ወረድን። በሩ ተቆልፏል። መኪና ማቆሚያው ባዶ ነው፣ አስፋልቱ ላይ አየሩ ይርገበገባል። ስልኬ 42 ዲግሪ ይላል። በአጥሩ ክፍተት ስናይ አበባ የለም። ሐምሌ ላይ እዚያ አበባ እንደማይቆም ማንም የዱባይ ሰው ያውቀዋል። ስፍራው የሚሠራው በእነሱ ክረምት ነው፣ ከኦክቶበር አካባቢ እስከ ሜይ። ዘበኛው ከጥላው ወጥቶ መጣ፣ የልጄን ፊት አየና ለመናገር ተቸገረ። እሷ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እዚያ ሀገር ዋትስአፕ ላይ መደዋወል አይሠራም፣ ስለዚህ ለወኪሏ ቮይስ ላኩላት። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። «በሩ ዝግ ነው፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ምንድን ነው ያደረጋችሁን?» አልኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። 11 ሰከንድ ነው። እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። እንዲህ ይላል፦

«እታለም፣ ወረቀቱን በደንብ ያንብቡት። ‹ጉብኝት› ነው የሚለው፣ ‹መግቢያ› አይልም። ከውጭም ቢሆን ማየት ይቻላል።»

መጨረሻ ላይ ከጀርባዋ አንድ ወንድ ሲስቅ ይሰማል።

ወረቀቱን ከልጄ ቦርሳ አውጥቼ አነበብኩት። እውነቷን ነው። ለበረሃ ሳፋሪው «ከመግቢያና ከእራት ጋር» ይላል። ለሚራክል ጋርደንና ለግሎባል ቪሌጅ ግን «ጉብኝት» ብቻ ነው። ይህን ቃል የመረጠ ሰው ሐምሌ ላይ ዝግ መሆኑን ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የጻፈው። ያቺ የቢሮዋ ልጅ በቀይ ስታከብብላት የልጄን ዓይን እያየች ነበር።

ዘበኛውን እግዚአብሔር ይባርከው። አጠገቡ የቢራቢሮ መናፈሻ አለ፣ ቤት ውስጥ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። እስከ በሩ አደረሰን፣ ውሃ ሰጠን። በራሳችን ገንዘብ ገባን። ትንሹ ልጄ ቢራቢሮ ትከሻው ላይ ሲያርፍበት ሳቀ። ትልቋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ጣሪያውን ያነሳብኝ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ነበር፣ አላነሳም። ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር።

ማታ ደይራ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። እዚያ የምትሠራ እህታችን ታሪካችንን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «በሐምሌ የሚመጡት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው» አለችን። ሌላም ነገር የነገረችን እሷ ናት። በፈረንጆቹ 2018 የኤምሬትስ ካቢኔ፣ በየዓመቱ ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የቪዛ ክፍያ እንዳይጠየቁ ወስኗል። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 8 እስከ መስከረም 5 መሆኑ ነው። እኛ የገባነው ሐምሌ 14 ነው። ወኪሉ ግን ለሁለቱ ልጆች ቪዛ 18,000፣ 18,000 ብር ዋጋው ውስጥ አስገብቶብናል። ዝርዝሩ ላይ በእጁ የጻፈው ነው።

ዛሬ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። ያቺው ልጅ ነበረች። ቀና ብላ አላየችኝም፣ «እታለም»ም ቀርቷል። የድርጅቱን ባለቤት ጠራችው። ሰውየው ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ፣ ወንበር እንኳ ሳይጋብዘኝ «ሴትዮ፣ ዱባይ እንሂድ አላችሁ፣ ዱባይ ወሰድናችሁ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግላችሁ?» አለኝ። የልጆቹን ቪዛ ሳነሳ «እሱ የአገልግሎት ክፍያ ነው» አለ። ቮይሱን ላሰማው ስልኬን ሳወጣ «ደንበኛ እየጠበቀ ነው» ብሎ ተነሳ። እውነትም ከኋላዬ አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ቆማለች። ፓስፖርቶቹ እጇ ላይ ናቸው። ላናግራት ፈለግሁ። ልጅቷ ቀድማ «ግቢ እታለም» አለቻት። እኔም አፍሬ ወጣሁ። ለምን እንዳፈርኩ አላውቅም፣ ማፈር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 813/2006። አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። ሰኞ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ችግሩ እኔ ያለኝ በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ነው፣ የማሽን ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ገንዘቡንም ያስገባሁት በድርጅቱ ስም ባለ አካውንት አይደለም፣ በግለሰብ ስም ነው። «ለፍጥነት ነው» ብለውኝ ነበር።

ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የማሽን ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ። ፕሮግራሙ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቦታ በዚያ ወር ክፍት መሆኑን ራሳችሁ ፈልጋችሁ እዩ። በክረምታችን ሚራክል ጋርደንና ግሎባል ቪሌጅ ዝግ ናቸው። «ጉብኝት» የሚል ካያችሁ «ከመግቢያ ጋር» ብለው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ለነሐሴ የከፈላችሁ ካላችሁ ወረቀታችሁን አሁኑኑ አውጡና አንብቡት።

ዛሬ ጠዋት ያየኋት እናት፣ ቢጫ ነጠላ የለበስሽው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች የያዝሽው፣ ይህ ከደረሰሽ ገንዘቡን ገና ካላስገባሽ አታስገቢ። ቮይሱን ልልክልሽ እችላለሁ።