እናቴን የወሰድንበት የቫልቭ ክሊኒክ፦ ከአምስት ኮከብ አራት

እናቴ 82 ዓመቷ ነው። ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር፣ ሐኪሞቹ አዎርቲክ ቫልቭ የሚሉት፣ ጠጥሮ ጠቦባታል። ይቀየር ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን ሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወዳለው የቫልቭ ክሊኒክ ወሰድናት። የምወቅሳቸው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም። ግን ከአሁኑ ልናገር፦ ወላጃችሁ ቫልቭ ያስፈልገዋል ከተባለ፣ እንዲህ ዓይነት ቦታ ሳይታይ እሺም እምቢም አትበሉ።

በጣም የወደድኩት የመጀመሪያዋን ነርስ ነው። ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻት። እማዬ "ደህና ነኝ፣ እርጅና ነው" አለች፤ ሁሌም መልሷ ይሄው ነው። ነርሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና "አምና ያደርጉት የነበረ፣ ዘንድሮ የተውት ነገር አለ?" አለቻት። ያኔ ሁሉም ወጣ። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ስለሆነ ደረጃውን መውረድ ትታለች። ቆማ ማስቀደስ ትታ ከኋላ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ገበያ ስንሄድ መኪና ውስጥ ልጠብቃችሁ ማለት የጀመረችው ለካ ሰልችቷት አልነበረም። ደህና ነኝ የምትለው የሚያደክማትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ስለተወችው ነው።

ይሄ መልስ ከኢኮ ምርመራው፣ ማለትም ልብን በድምፅ ሞገድ ከሚያሳየው፣ እኩል ይመዝናል አሉን። ኢኮው ላይ ደሙ በጠባቡ በር ሲያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜትር ከደረሰ፣ አማካይ የግፊት ልዩነቱ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከደረሰ፣ ቀዳዳው ደግሞ ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጥበቱ ከባድ ይባላል። የእማዬ ከባድ ነው። ግን ድካሙ ከቫልቩ ነው ወይስ ከሳንባ፣ ከደም ማነስ፣ ከሌላ ነገር? እሱን ሳይለዩ ወደፊት አልሄዱም።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ 5 ሜትር በራሷ አረማመድ እንድትሄድ አደረጓትና በሴኮንድ ለኩት። ደጋገሙት። ከ6 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ አቅም መድከሙን ይጠቁማል። የእጇን ጉልበት ለኩ። ራሷ ትታጠባለች ወይ፣ ራሷ ትለብሳለች ወይ እያሉ ጠየቁ። ወንድሜ "ይሄ ለልብ ምን ያደርጋል?" ብሎ ተናደደ፤ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረት ሳይከፈት በካቴተር፣ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ቫልቭ ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን ከተማ ዶክተር አለን ክሪቢየ የጀመሩት ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ፓርትነር የተባለው ጥናት ወጣ፤ የተጠኑት ቀዶ ሕክምና አይችሉም የተባሉ ሰዎች ነበሩ። በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞቱ፣ በካቴተር ቫልቭ ከገባላቸው የሞቱት 30 በመቶ ገደማ ናቸው። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ደግሞ ቫልቩ ተቀይሮላቸውም ከአሥር ሦስቱ ዓመት አልሞሉም ማለት ነው፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሌላ ከባድ ሕመም ነበረባቸው፣ ሰውነታቸውም ተዳክሞ ነበር። ክሊኒኩ ያን ሁሉ የሚለካው እናቴ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ለማወቅ ነው። በሌላ ሕመም ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ የመኖር ተስፋ ከሌለ፣ ወይም የመርሳት ችግሩ በጣም ከገፋ፣ አይቀየር ብለው እንደሚመክሩ ሳይሸፋፍኑ ነገሩን። እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ሐኪም ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙና የካቴተር ሐኪሙ አብረው አነጋገሩን። ሜዲኬርም፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ የካቴተሩን ሕክምና ለመሸፈን ሁለቱም እንዲያዩአት ይፈልጋል። በአሜሪካ መመሪያ ከ65 ዓመት በታች ለሆነ ሰው በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ይመረጣል፣ ከ80 በላይ ካቴተር፣ መሃሉ ላይ ያለው ተመካክሮ ነው። ስትሮክ ሊያመጣ እንደሚችልና ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እንዳሉም ነገሩን። እማዬ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰምታ ያነሳችው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ከምን ነው የሚሠራው? የአሳማ ከሆነ አልፈልግም።" ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ ኢቮሉት የሚባለው ከአሳማ፣ ሳፒየን የሚባለው ደግሞ ከከብት የልብ ሽፋን እንደሚሠራ ነገራትና የሲቲ ስካን ልኬቷን አይቶ የከብቱ እንደሚሆናት አረጋገጠላት። እሺ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ኮከቧን የቀነስኩበት። የማስታወስ ፈተናውን የሰጠችን ሌላ ሠራተኛ ናት፣ አስተርጓሚው ደግሞ በስልክ። ዘመኑ ስንት ነው ስትባል እማዬ 2017 አለች፤ በእኛ አቆጣጠር ያኔ ልክ ነበረች። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ አስተላለፈው፣ ሠራተኛዋም ስህተት ብላ መዘገበችው። ወሩንም እንደዚያው። እዚያው ተከራክሬ ፈተናው እንደ አዲስ ተሰጣት። ይሁን እንጂ ለቤተሰብ ሐኪሟ በተላከው ደብዳቤ ላይ የድሮው ውጤት ሰፍሮ አገኘሁት። ለማስተካከል ስንት ስልክ፣ ስንት ጥበቃ! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የመርሳት ችግር ያለባት ተብላ ብትመዘገብ ውሳኔው ወደ አይቀየር ሊያጋድል ይችል ነበር። አስታማሚ አብሯቸው የማይገባ እናቶችስ?

አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ፣ የእናንተ ስሌት ሌላ ነው። እዚያ ቫልቭ የሚያበላሸው በአብዛኛው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ በሽታ ነው፤ ታማሚዎቹም ወጣቶች ናቸው። ሚትራል የሚባለው ሌላው የልብ ቫልቭ ጠቦ ቅርጹ ከተመቸ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ተከፍቶ መቀየሩ ለዓመታት ሊዘገይ ይችላል። የብረት ቫልቭ ከገባ ደግሞ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ መውሰድ አለ። አይኤንአር፣ መድኃኒቱ ደሙን ምን ያህል እንዳቀጠነ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ የሚለካበት ቦታ ቅርብ ነው ወይ? ልጅቷ መውለድ ትፈልጋለች ወይ? ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል። ከእንስሳ የሚሠራው ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልክ አይጠይቅም፣ ግን ወጣት ላይ ቶሎ ያረጃል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፣ የሩማቲኩ ሕመም እንዳያገረሽ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊንም ሐኪሙ ሳያዝ እንዳታቋርጡ።

የእማዬ ቫልቭ ተቀይሯል፣ ምድር ቤቱንም እየወረደች ነው። እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፦ ቀጠሮ ስታስይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ በአካል እንዲገኝ በዚያው ስልክ ጠይቁ፤ የማስታወስ ፈተና ከመጀመሩ በፊትም ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ተናገሩ፤ ውጤቱ ሲመጣ ደብዳቤውን ራሳችሁ አንብቡት።