የቤሩት ሰፈር ጄኔሬተር፦ 5 አምፔር ምን ያሠራል?

የመንግሥት መብራት ስለማያስተማምን፣ ቤሩት ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት መስመር ይገዛል፤ «ኢሽቲራክ» የሚሉት ነው። ያለሱ መኖር ይከብዳል፤ ዋጋው ግን ደመወዝተኛን ያንገዳግዳል።

የተለመደው አነስተኛ መስመር 5 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 1100 ዋት። ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖልና ዋይፋይ አብረው ይሠራሉ። ካውያ ወይም ውሃ ማሞቂያ ሲጨመርበት ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው ማጥፊያ) ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድማ አይታሰብም! ከ3000 ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ለብቻው ከ13 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ሊጡን አድርሶ የመንግሥት መብራት እስኪመጣ መጠበቅ፣ አለዚያም በጋዝ መጋገር ነው የሚያዋጣው።

ብሬከሩ ሲወርድ መጀመሪያ ከባዱን ዕቃ ንቀሉ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሱት። ሳትነቅሉ ብትመልሱት ወዲያው ይወርዳል። የብሬከሩ ሳጥን ከቤት ውጭ ተቆልፎ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ከመዋዋላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሌሊት ጨለማ ውስጥ የሚያስቀረው ይኸው ነው።

ክፍያው በቆጣሪ መሆን አለበት። የኢነርጂ ሚኒስቴር በየወሩ የኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ያወጣል። በዚያ ላይ በአምፔሩ ልክ ቋሚ ክፍያ አለ፤ ምንም ባትጠቀሙም አይቀርም። ያለ ቆጣሪ ቁርጥ ዋጋ ከሚጠይቅ ጋር አትዋዋሉ። ወር ሲያልቅ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ክርክር ቢነሳ ሌላ ማስረጃ የላችሁም።