ዓሣውን እዘዙ፣ ሽሪምፑን ተዉት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ወንበር የሚያወጣ አንድ ዓሣ ቤት አለ። ትንሽ ስለምወቅሰው ስሙን አልጠራም።

ዓሣው የጅቡቲ ነው። ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ ቀይ ቅመም ይቀባና ታንዱር (የሸክላ ምድጃ) ይገባል፣ የየመኖች አሠራር ነው። ጠርዙ ትንሽ አረር ብሎ፣ መሃሉ እርጥብ ሆኖ ይመጣል። እዚያው ታንዱር ከተጋገረ ሰፊ ቂጣ ጋር በእጅ ነው የሚበላው፤ ሹካ የጠየቀ ሰው አይቼ አዘንኩለት። በስባሱ፣ ማለትም የሚያቃጥለው ማባያ፣ ያስለቅሳል፣ ግን አቦ፣ ያለሱ አይሆንም! ዋጋው በዓሣው መጠን ስለሆነ ሳይጠበስ መርጣችሁ ተነጋገሩ። መስተንግዶው ቀርፋፋ ነው።

ሽሪምፑ ላይ ግን ዝም አልልም። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ስለነበር ለገና ዕረፍት ጅቡቲ አክስቴ ጋ እንሄድ ነበር (በክረምትማ ጅቡቲ እሳት ናት)። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው እስከ ሩቅ ይገለጣል። እኛ ልጆች በማንኪያ እየጫርን ባለ ዛጎሉን እናወጣለን፣ አክስቴ ባልዲ ይዛ ትከተለናለች። ሕግ ነበራት። አፉን የከፈተውን መታ አድርጉት፣ ካልዘጋ ሞቷል፣ ጣሉት። ተቀቅሎም አልከፈት ያለውን አታስነካንም። እናቴ ከሁላችን በላይ ትለቅማለች፣ ግን አንድም አትቀምስም። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም» ትላለች። አክስቴ «ታዲያ ምን ያስለቅምሻል?» ስትላት «ደስ ይለኛላ!»

እንዲህ ያደገ ሰው «ይሄ መቼ መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አስተናጋጁ «ትኩስ ነው» አለኝ። ትኩስማ ነው፣ አሁን ከመጥበሻ ወጥቶ! ባላምጠው ባላምጠው አላልቅ አለኝ፣ ሽታውም ደስ አይልም። ከጅቡቲ ድሬ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ወዲህ የባሕር ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ሙሉ ዓሣም በረዶ ውስጥ ሆኖ መንገዱን ይችላል። ሽሪምፕ ግን ቶሎ ይበላሻል፣ መብራት እየመጣ በሚሄድበት ከተማ ደግሞ ፍሪዘር አይታመንም።

ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሂዱ። «ዓሣ አልቋል፣ ሽሪምፕ ግን አለ» ካሏችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ውጡ፣ በነጋታው ቀደም ብላችሁ ተመለሱ።