ጫማው ይቅደም ወይስ ጃኬቱ? ለስዊድን ብርድ ምን እንግዛ

የመጀመሪያው ዓመት ያለኝን ገንዘብ ሁሉ ጃኬት ላይ ጨረስኩ። ጉልበቴን የሚያልፍ፣ የኮፍያው ዙሪያ ጸጉር ያለው፣ ውስጡ በላባ የተሞላ። እግሬ ላይ ግን ከመርካቶ ያመጣሁት ሶሉ ልሙጥ የሆነ የቆዳ ጫማ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ከሐበሻ ሱቅ አስር እንጀራ በፌስታል አንጠልጥዬ ስወጣ አውቶቡሱ ሲመጣ አየሁና ሁለት እርምጃ ሮጥ አልኩ። ሦስተኛውን አላስታውሰውም። በጀርባዬ ተዘርሬ የመንገድ መብራት እያየሁ ነበር። እንጀራው ምንም አልሆነም። የመቀመጫ አጥንቴ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ወንበር ባየሁ ቁጥር ያስታውሰኝ ነበር።

ስለዚህ ይህን ንጽጽር የምጀምረው ከእግር ነው። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ከጃኬት ነው የሚጀምረው፤ ሱቆቹም መስኮት ላይ የሚሰቅሉት ጃኬቱን ነው።

መጀመሪያ ግን፣ የት ከተማ ናችሁ?

ስቶክሆልም፣ ጎተንበርግና ማልሞ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ዜሮ አካባቢ ነው የሚዋልለው። ዛሬ በረዶ፣ ነገ ዝናብ፣ ከነገ ወዲያ የቀለጠው ውሃ ተመልሶ መስታወት ይሆናል። ወደ ኡሜዮ፣ ሉሌዮና ኪሩና ስትወጡ ብርዱ ደረቅ ነው። እዚያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወሬ አይሆንም። በጃንዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ሰሜን ስዊድን ውስጥ ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ በላይ ወርዶ ነበር። በእንዲህ ያለ ብርድ በረዶው እንደ አሸዋ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል እንጂ ልብስ አያረጥብም።

እኛ ክረምት ስንል ሰኔና ሐምሌ ነው፣ ዝናብና ጭቃ። የደቡብ ስዊድን ዊንተር ፖስትካርድ ላይ ካለው ነጭ በረዶ ይልቅ ለእኛ ክረምት ይቀርባል፤ ጭቃው ቀዝቅዟል እንጂ። ሻጩ "ይሄ እስከ 30 ከዜሮ በታች ይችላል" ሲላችሁ፣ "ዝናብስ?" በሉት።

እግር፦ ብሮዳር ወይስ ምስማር የተተከለበት ጫማ

የጫማ ነገር ሁለት ጉዳይ ነው፤ ማሞቁና መሬት መያዙ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። ውስጡ ፀጉራም፣ ሞቃት፣ ውድ ሆኖ በረዶ ላይ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ቦት ሞልቷል። ሱቅ ውስጥ ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። እንደ ፕላስቲክ ድርቅ ካለ ውጭ ሲወጣ ይብስበታል። ለስለስ ያለ ጎማ ይሻላል። ውሃ የተኛበት በረዶ ላይ ግን የቱም ጎማ ብቻውን አያስተማምንም፤ ብረት ያስፈልጋል።

ብረቱ በሁለት መንገድ ይገዛል። አንደኛው ስዊድኖች ብሮዳር የሚሉት ነው፤ በማንኛውም ጫማ ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ ሆኖ ከሥሩ ትንንሽ ሹል ብረቶች አሉት። ዋጋው ከ100 እስከ 400 ክሮና ገደማ ነው። ተረከዝ ላይ ብቻ የሚገባ አለ፣ ሙሉ እግር የሚይዝ አለ። የተረከዙ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል። ስንራመድ ቀድሞ የሚያርፈው ተረከዝ ስለሆነ ለሜዳ መንገድ ይበቃል። ዳገት ስትወጡ ግን የምትገፉት በጣታችሁ በኩል ነው፣ እዚያ ደግሞ ብረት የለም። ሰፈራችሁ ዳገታማ ከሆነ ሙሉውን ግዙ። እናት ወይም አባት አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ኮሙናችሁ (የከተማው አስተዳደር) ጋ ደውሉ፤ አንዳንዶቹ ለአረጋውያን በነጻ ይሰጣሉ።

የብሮዳር ጣጣ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ሱፐርማርኬት ወይም ሜትሮ ጣቢያ ስትገቡ ድንጋዩ ወለል ላይ ብረቱ ራሱ ያዳልጣል። ስለዚህ በር ላይ በአንድ እግር ቆማችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ታወልቃላችሁ። ስትወጡ መልሳችሁ ታጠልቃላችሁ። በዚህ መሀል መጥፋት አይቀርም። እኔ በአንድ ዊንተር ሦስት አጥቻለሁ፤ ሦስቱም የግራ እግር።

ሁለተኛው ምስማሩ ሶሉ ላይ ተተክሎ የሚመጣ ጫማ ነው። አይጠፋም፣ አይንሸራተትም፣ ልሙጥ በረዶ ላይ እንደ ፍየል ያስኬዳል። ዋጋው ግን ከብሮዳር በጣም ይበልጣል። ወለል ላይ ያው ችግር አለበት፣ እዚህ ደግሞ ብረቱን ብቻ ማውለቅ አይቻልም። ቀኑን ሙሉ ግቢ በረዶ ለሚጠርግ ወይም ጫካ ውስጥ ለሚሮጥ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ቤት ለቤት እየዞራችሁ አረጋውያን የምትንከባከቡ ከሆነ ግን ተዉት። ሰው ቤት ስትገቡ የምታጠልቁትን ያን ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማ ሽፋን ምስማሩ በሁለት እርምጃ ነው የሚበሳው።

እኔ ዛሬ የማደርገው ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ ለስላሳ ቦትና ጃኬቴ ኪስ ውስጥ የተረከዝ ብሮዳር ነው። ቦቱን በአንድ ቁጥር አስበልጡ። ወፍራም ካልሲ ገብቶ ጣቶቻችሁ መንቀሳቀስ አለባቸው። ጥብቅ ያለ ጫማ ደም ይይዛል፣ አየርም አይተውም፤ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ቆፈን አያስቀርም።

ጃኬት፦ ዱን ወይስ ፖሊስተር

ዱን የሚባለው የዳክዬ ወይም የዝይ ሥረ ላባ ነው። ለክብደቱ እንደሱ የሚያሞቅ የለም። ምልክቱ ላይ 90/10 ካለ ዘጠና በመቶው ለስላሳው ዱን፣ አስሩ ጠንከር ያለው ላባ ነው። 550፣ 700፣ 800 እያለ የሚሄደው ቁጥር ደግሞ ላባው ምን ያህል እንደሚነፋ ነው የሚናገረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 800 የተባለው ስስ ጃኬት ውስጡ ያለው ላባ ጥቂት ከሆነ፣ በደንብ ከተሞላ 600 የባሰ ይበርዳል። ጨበጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ቶሎ ከተነፋ ጥሩ ነው።

የዱን ድክመት ውሃ ነው። ሲረጥብ ላባው ይጓጎላል፣ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ፖሊስተር የተሞላው ጃኬት ከበድ ይላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ጠፍጠፍ ይላል። ግን ረጥቦም ያሞቃል፣ ማሽን ውስጥ ያለ ጭንቀት ይታጠባል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የዱኑ ግማሽ ነው።

ስለዚህ ለሰሜኑ ዱን፣ ለደቡቡ ፖሊስተር እላለሁ። ያን የመጀመሪያ ጃኬቴን ለሥራ ወደ ሉሌዮ ለሚሄድ ልጅ ሸጥኩለት። በሁለተኛው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ፤ ሽፋሽፍቱ ውርጭ ይዞት ነጭ ሆኗል፣ እሱ ግን ይስቃል። ስቶክሆልም ላይ እኔ በዚያው ጃኬት ሜትሮ ውስጥ ላብ በላብ እየሆንኩ ነበር። እዚህ ባቡሩም ሱቁም ቤቱም ይሞቃል። ቀንህ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ወደ ውጭ በመውጣትና በመግባት ነው የሚያልቀው።

ለዚህ ነው ሦስተኛው አማራጭ ለብዙ ከተሜ የሚሻለው፤ ያልተሞላ፣ ንፋስና ውሃ የማያስገባ ስስ ጃኬት ከላይ፣ ወፍራም ሹራብ ከመሀል። ሲሞቃችሁ ሹራቡን ማውለቅ ነው። ምልክቱ ላይ 10000 ሚሊ ሜትር የሚል ፈልጉ፤ ጨርቁ ውሃ ሳያሳልፍ የሚችለው የውሃ ዓምድ ቁመት ነው። ለከተማ ዝናብ ይበቃል።

ዱን ካላችሁ እጥበቱን አትፍሩ። ለስላሳ ዑደት በ30 ዲግሪ፣ ማለስለሻ የሚባለውን ሳትጨምሩ። ከዚያ የሕንጻው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ማድረቂያ ውስጥ በትንሽ ሙቀት ከሁለት ሦስት የቴኒስ ኳስ ጋር አሽከርክሩት። ኳሱ የተጓጎለውን ላባ እየደበደበ ይበትነዋል። ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ በሩን ቢከፍት አይግረማችሁ።

ከቆዳ ጋር የሚነካካው

ጥጥ፣ ሱፍ ወይስ ሰው ሠራሽ? ጥጥ ከእርጥበት ጋር አይስማማም። ላብ ይይዛል፣ አይለቅም፣ ቆማችሁ አውቶቡስ ስትጠብቁ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ጋቢያችን ንጉሥ ነው፣ ግን ሶፋ ላይ። ከጃኬት ሥር ጥጥ አትልበሱ።

ሜሪኖ የሚባለው ስስ ሱፍ ቆዳ አያሳክክም፣ እርጥበት ይዞም ያሞቃል፣ ሦስት አራት ቀን ለብሳችሁት አይሸትም፤ መስኮት ላይ አናፍሶ መልሶ መልበስ ነው። ሙሉ ስብስቡ ከ700 ክሮና ይጀምራል። ብል ይወደዋል፣ ቶሎ ይሳሳል። ሰው ሠራሹ በግማሽ ዋጋ ይገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ማታ ግን ክፍሉን በሙሉ በላብ ሽታ ይሞላዋል። ለአካላዊ ሥራ ሰው ሠራሹን፣ ለቢሮና ለትምህርት ቤት ሱፉን እመርጣለሁ። ገንዘብ ካነሰ ሱፉን ለእግር ካልሲ ብቻ አድርጉት።

ጨለማው

ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ኪሩና ለሦስት ሳምንት ያህል ጭራሽ አትወጣም። ብርዱን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ብርድ ልብስ አለው፣ ጨለማ ግን ገንዘብ ብቻ አይበቃውም።

በዚህ ላይ ከሚወጣው ሁሉ ርካሹ አንጸባራቂ ነው። ጥቁር የለበሰ እግረኛ በመኪና ዝቅተኛ መብራት የሚታየው ከ20 እስከ 30 ሜትር ላይ ሲሆን፣ አንጸባራቂ ያደረገ ከ125 ሜትር ጀምሮ ይታያል። መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስሌቱን ለእናንተ። የሚንጠለጠለው ከጃኬት ጫፍ በጉልበት ከፍታ፣ በሁለቱም ጎን ይሁን። አንጸባራቂ ሰደርያ ግን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚታይ ለብስክሌተኛ ይበልጣል። ፊንላንድ ውስጥ እግረኛ በጨለማ አንጸባራቂ እንዲያደርግ በሕግ ተጽፏል።

ለጨለማው ድብርት ፊት ለፊቱ የሚቀመጡበትን ጠንካራ የብርሃን መብራት ከገዛችሁ ካርቶኑ ላይ 10000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚለውን ብቻ አትዩ፤ በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው የሚለውን እዩ። ርካሹ አፍንጫችሁን አጠገቡ ካላደረጋችሁ የተባለውን አይሰጥም። ትልቁ መብራት ግን ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ቡና እየጠጣችሁ ይሠራል። አጠቃቀሙ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይግዛ። ቀስ እያለ እየበራ የሚቀሰቅሰው ሰዓት ሌላ ነገር ነው፤ ከአልጋ ለመነሳት ይረዳል እንጂ የመብራቱን ቦታ አይተካም።

ቫይታሚን ዲ ላይ እኛ የራሳችን ጉዳይ አለን። በዚህ ኬክሮስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚኑን አያመርትም ማለት ይቻላል። በሌላውም ጊዜ ጥቁር ቆዳ ለዚያው መጠን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። የኖርዲክ አገሮች ምክር ለአዋቂ በቀን 10 ማይክሮግራም ነው፤ ጠርሙሱ ላይ 400 ዩኒት ተብሎ ቢጻፍ ያው ነው። ከ75 ዓመት በላይ 20 ይሆናል። የስዊድን ወተት ቫይታሚኑ ይጨመርበታል፣ ግን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ልክ ጨለማው ሲብስ፣ ወተቱ ከቤታችን ይወጣል። ለጾመኛ ቫይታሚን የተጨመረበት የአጃ ወተት አለ። ክኒኑም ላይ ምርጫ አለ፤ ብዙው ዲ3 ከበግ ሱፍ ቅባት ሲወጣ፣ ቪጋን የተባለው ሊከን ከሚባል የድንጋይ ሽበት ነው የሚሠራው። እንዲሁ ከመገመት ግን ቮርድሴንትራል (ጤና ጣቢያ) ሄዶ ደም መመርመር ይሻላል።

ልጆች

ፎርስኮላ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ልጅን ዝናብም ቢሆን ውጭ ያስወጣል። አንድ ወጥ ቱታ ለሕፃን ይሻላል፣ በወገብ በረዶ አይገባም። ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ ለጀመረ ሱሪና ጃኬት ለየብቻ ግዙ፤ ታመሰግኑኛላችሁ። ጓንት ጣት የሌለው ይሁን፣ ጣቶች አብረው ሲሆኑ ይሞቃሉ። ስም ጻፉበት።

መቼና ከየት

የማይቸኩል ሰው ከፈረንጅ ገና በኋላ ይግዛ፣ ከዲሴምበር 26 አካባቢ ቅናሹ ይጀምራል። ጃኬትና የልጅ ቱታ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ብታገኙ አትለፉት፤ የልጅ ቱታ አንድ ዓመት ነው የሚለበሰው። ጫማ ግን ያገለገለ አልገዛም። ሶሉ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ቅርጹም የሌላ ሰው እግር ነው።

በኢንተርኔት የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ መብታችሁ ነው። ከሱቅ የገዛችሁትን ግን ካልወደዳችሁት መመለስ በሱቁ ፈቃድ ነው፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከፋብሪካ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ድረስ ማመልከት ይቻላል። የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ በጥቂት ወር ስለሚጠፋ ያኔውኑ በስልክ ፎቶ አንሱት።